እስክንድርያን በእግር ለማየት፦ የሁለት ቀን መመሪያ

መንበረ ማርቆስ ሲባል፣ አባ ሰላማ ከሳቴ ብርሃን ከቅዱስ አትናቴዎስ እጅ ጵጵስና ተቀብለው መጡ ሲባል እየሰማ ያደገ ሰው እስክንድርያ ሲደርስ መጀመሪያ የሚያየው ቀለሙን የባሕር ጨው የላጠው ፎቅና ጥሩንባውን የማያቋርጥ ሚኒባስ ነው። ጥንታዊቷ ከተማ የት ገባች ብሎ መጠየቁ አይቀርም። የትም አልሄደችም፤ ከፊሏ ከእግር በታች፣ ከፊሏ ባሕር ውስጥ ናት። እንደ ላሊበላ ወይም እንደ ሉክሶር ፊት ለፊት ቆመው አንገት ቀና አድርገው የሚያደንቋት አይደለችም፤ የት ቆሞ ወዴት ማየት እንዳለበት ያላወቀ ሰው ታልፈዋለች።

ትልቁ ስህተት ጧት ከካይሮ መጥቶ ማታ መመለስ ነው። ደርሶ መልስ መንገዱ ብቻ ስድስት ሰዓት ያህል ይበላል፤ ብዙዎቹ ቅርሶች ከቀኑ በ10 ወይም በ11 ሰዓት ይዘጋሉ፤ ትኬት መሸጥ ደግሞ ከዚያ ቀደም ብሎ ያቆማል። በመሃል የሚቀረው ጊዜ በታክሲ ከአንዱ በር ወደ ሌላው መሮጫ ነው። ሁለት ሌሊት አድሩ። (ሰዓቱን የጻፍነው በኛ አቆጣጠር ነው፤ ዓመቶቹ ግን ሁሉም የአውሮፓ ናቸው።)

መቼ ይኬዳል

መጋቢት አጋማሽ አልፎ እስከ ግንቦት፣ ከዚያም መስከረምና ጥቅምት ጥሩ ናቸው። ሐምሌና ነሐሴ ካይሮ ጓዟን ጠቅልላ ወደዚህ የምትወርድበት ወቅት ስለሆነ አልጋው ይወደዳል፣ የባቡር ቦታ ይጠፋል፣ ባሕር ዳርቻው ላይ ጃንጥላ ከጃንጥላ ይነካካል።

ክረምታቸው የኛ በጋ ነው። እስክንድርያውያን የክረምቱን ማዕበሎች አንድ በአንድ ስም አውጥተውላቸዋል፤ ማዕበሉን «ነዋ» ይሉታል። በኅዳር መጀመሪያ ገደማ የሚመጣው «መክነሳ» ነው፣ መጥረጊያ ማለት ነው፤ ከተማዋን በዝናብ ጠርጎ ይሄዳል። በጥር አጋማሽ የሚመጣው ደግሞ «ነወት ኤል ጊጣስ» ይባላል፣ የጥምቀት ማዕበል ማለት ነው። ቅብጦች ጥምቀትን የሚያከብሩት እንደኛው ጥር 11 ስለሆነ፣ በዓሉን እዚያ አከብራለሁ ያለ ሰው ነጠላ ብቻ ሳይሆን ዝናብ የማያስገባ ጃኬትና ውሃ የማያሾልክ ጫማ ይያዝ። ነዋ በሚነሣበት ቀን ማዕበሉ የድንጋይ መከላከያውን ዘልሎ መንገዱ ላይ ይፈስሳል። ባሕሩ ጫፍ ላይ ያለውን የቃይትባይን ምሽግ ለሌላ ቀን አሸጋግራችሁ ሙዚየም ውስጥ ዋሉ። መከላከያው ላይ ወጥቶ ፎቶ መነሣትማ ጨርሶ አይሞከር፤ ድንጋዮቹ አልጌ ስላለባቸው ያንሸራትታሉ።

ከካይሮ እስከ ራምል

ከካይሮ ራምሲስ ጣቢያ የሚነሣው ባቡር ከሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት ተኩል ይፈጃል፤ አየር ማቀዝቀዣ ያለውን አንደኛ ወይም ሁለተኛ ማዕረግ ምረጡ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላና ዓርብ ቦታ ቶሎ ስለሚያልቅ የመመለሻውንም ትኬት አንድ ላይ ቁረጡ።

ባቡሩ እስክንድርያ ከተማ ውስጥ ሁለት ጊዜ ይቆማል። መጀመሪያ የሚደርሰው ሲዲ ጋብር ላይ ነው፤ ግማሹ ሕዝብ ሻንጣውን አንሥቶ ሲወርድ የተደናገጠ እንግዳም አብሮ ይወርዳል። አትውረዱ። ወደ መሃል ከተማ የሚያስገባው የመጨረሻው ጣቢያ «ማሐጠት ምስር» ነው። ከዚያ እስከ መሃል ከተማው ራምል አደባባይ በእግር ሃያ ደቂቃ ቢሆን ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያሳስት አንድ ነገር አለ፤ የፉርጎና የመቀመጫ ቁጥር ብዙ ጊዜ የሚጻፈው በዐረብኛ አኃዝ ነው። የነሱ 5 ክብ ስለሆነች ዜሮ ትመስላለች፤ የነሱ ዜሮ ነጥብ ብቻ ናት፤ 6 ደግሞ እኛ የለመድነውን 7 ትመስላለች፤ 7 እንደ ጽዋ ወደ ላይ የተከፈተች፣ 8 የተገለበጠች ጽዋ ናት። እናም «10» መስሎ የታያችሁ መቀመጫ 15 ነው። ባቡሩ ከመምጣቱ በፊት ስልካችሁ ላይ አስሯን አኃዝ አስቀምጡ። ይህች እውቀት ኋላ የዓሣ ዋጋ ስታነቡም ታገለግላችኋለች።

በአውቶቡስ የሚመጣ ሰው ከመሃል ከተማ ራቅ ብሎ ስለሚወርድ የታክሲ ሒሳብ ይጨምርበታል። በአውሮፕላን የሚመጣ ደግሞ የሚያርፍበት ቦርግ ኤል ዐረብ ከመሃል ከተማ ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል።

ማደሪያ በራምል አካባቢ፣ ከሳዕድ ዘግሉል አደባባይ ግራና ቀኝ ፈልጉ። ባሕር የሚያይ ክፍል ደስ ይላል፤ ግን ከመስኮቱ ሥር ያለው ኮርኒሽ፣ ማለትም የባሕር ዳሩ ጎዳና፣ እስከ እኩለ ሌሊት መኪና አያጣም፣ በክረምት ደግሞ ንፋሱ በቆየ የእንጨት መስኮት ሥር ያፏጫል። ክፍሉን ሳታዩ አትክፈሉ፤ መስኮቱን ዘግታችሁ አዳምጡ።

ከተማ ውስጥ ታክሲዎቹ ጥቁርና ቢጫ ናቸው። ቆጣሪ አለው ማለት ይሠራል ማለት አይደለም፣ ስለዚህ ሳትገቡ ተዋዋሉ፤ ወይም በስልክ መተግበሪያ ጥሩ። ኮርኒሹን ይዞ ለመሄድ ግን ሚኒባስ የሚያህል የለም፤ እጅ ዘርግታችሁ ታስቆማላችሁ፣ መድረሻችሁን ትናገራላችሁ፣ ገንዘቡን ከፊታችሁ ላለው ሰው ታቀብላላችሁ፣ መልሱም እጅ በእጅ ይመጣል። ለመውረድ «ዓላ ጋንብ!» በሉ፤ የኛ «ወራጅ አለ!» መሆኑ ነው። ጥንታዊው የራምል ትራም እንደገና የመገንባት ሥራ ስለተያዘለት በሱ ላይ ዕቅድ አታውጡ።

ገንዘብን በተመለከተ፣ ብዙዎቹ የመንግሥት ቅርስ ሥፍራዎች ትኬት የሚሸጡት በባንክ ካርድ ብቻ ነው። ጥሬ ገንዘብ ይዞ በር ላይ መቆም ብዙ ሰው የሚገጥመው ነው። ከኢትዮጵያ የምትነሡ ካርዳችሁ ውጭ አገር ይሠራ እንደሆነ ባንካችሁን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ የአገር ውስጥ ኤቲኤም ካርድ አያዋጣም። የተማሪ መታወቂያ ካላችሁ አሳዩ፣ የውጭ ዜጋ ዋጋ ላይ ቅናሽ አለው። ለጉርሻ የሚሆን ዝርዝር የግብፅ ገንዘብም ኪስ ውስጥ አይጥፋ።

መጀመሪያ ባሕሩን አንብቡ

ደርሳችሁ ዕቃ እንዳስቀመጣችሁ ወደ ሙዚየም አትሩጡ። ኮርኒሹ ላይ ወጥታችሁ ጀርባችሁን ለራምል፣ ፊታችሁን ለባሕሩ ስጡ። ወደ ሰሜን ነው የምታዩት። የፈረስ ኮቴ የመሰለው ውሃ ምሥራቃዊው ወደብ ነው። በግራ ጫፍ የሚታየው ነጣ ያለ ግንብ የቃይትባይ ምሽግ፣ በቀኝ በኩል የዘመመ ክብ ጣሪያ ያለው አዲሱ ቤተ መጻሕፍት ነው።

ታላቁ እስክንድር በ331 ከክርስቶስ ልደት በፊት ከተማዋን ሲመሠርት ምሽጉ ያለበት ቦታ ፋሮስ የተባለ ደሴት ነበር። ደሴቱን ከየብስ ለማገናኘት ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም የድንጋይ መንገድ ተሠራ፤ መንገዱ ውሃውን ለሁለት ከፍሎ ሁለት ወደብ ፈጠረ። በዘመናት ብዛት አሸዋ በግራና በቀኙ ተጠራቅሞ መንገዱ ሰፈር ሆነ፤ ዛሬ ማንሺያንና ባሕሪን አቋርጣችሁ ወደ ምሽጉ ስትሄዱ የምትረግጡት እሱን ነው። ከኋላው ያለው ምዕራባዊው ወደብ የዛሬዎቹ ትልልቅ መርከቦች የሚቆሙበት ነው፤ ለጎብኚ ክፍት አይደለም፣ በአጥሩ በኩል ፎቶ ማንሣትም ከፖሊስ ጋር ያጣላል። በራስ ኤል ቲን አካባቢ የባሕር ኃይል ስላለ ስልካችሁን ኪስ ውስጥ አድርጉ።

አንደኛው ቀን፦ ከመሬት በታች

ጧት በሦስት ሰዓት ካርሙዝ ወደሚባለው ሰፈር፣ ወደ ኮም ኤል ሹቃፋ ካታኮምብ (ከመሬት በታች የተፈለፈለ መቃብር) በታክሲ ሂዱ። መጀመሪያ እዚህ የሚኬድበት ምክንያት አለ፤ ቦታው ጠባብ ነው፣ የአስጎብኚ አውቶቡሶች ከካይሮ የሚደርሱት ከረፋዱ በኋላ ነው፣ ሥሩ ደግሞ ሰው በበዛ ቁጥር ይታፈናል።

መግቢያው ጉድጓድን የሚዞር ደረጃ ነው። ጉድጓዱ አስከሬን በገመድ የሚወርድበት ነበር፤ በግድግዳው መስኮቶች ወደ ደረጃው ብርሃን የሚሰጠውም እሱ ነው። በሁለተኛው ክፍለ ዘመን የተፈለፈለው ይህ መቃብር የተገኘው በ1900 ነው፤ አህያ መሬቱ ተደርምሶባት ስትገባ ተገኘ ይባላል።

ደረጃውን ጨርሳችሁ ወደ ግራ ስትታጠፉ በሦስት ወገን ከድንጋይ የተፈለፈለ መደብ ያለው ክፍል ታገኛላችሁ። ቤተሰብ ሙቱን ሊዘክር መጥቶ ጋደም ብሎ የሚበላበት ነው፤ ተዝካር ለሚያውቅ ሰው ማብራሪያ አያሻውም። የበሉበትን ሸክላ ወደ ቤት አይመልሱትም ነበርና ሰባብረው ጣሉት፤ «ኮም ኤል ሹቃፋ» የሸክላ ስብርባሪ ጉብታ ማለት ነው።

ከዚያ ወደ ዋናው መቃብር ውረዱ፣ እዚህ ግን ቸኩላችሁ አትለፉ። በሩ ግራና ቀኝ ጺም ያላቸው ሁለት እባቦች የግብፅን ጥምር ዘውድ ደፍተው ይታያሉ፤ በላያቸው ፀጉሯ እባብ የሆነው የግሪኮቹ ተረት ሜዱሳ ፊት ያለበት ጋሻ አለ። ወደ ውስጥ ገብታችሁ ፊታችሁን ወደ በሩ መልሱ። ብዙ ሰው ወደፊት ብቻ ስለሚያይ ይህን ያመልጠዋል፤ ከበሩ ወዲህና ወዲያ የውሻ ፊት ያለው የግብፆች የሙታን አምላክ አኑቢስ ቆሟል፣ አንዱ የሮም ወታደር ጥሩር ለብሶ፣ ሌላው ከወገቡ በታች እባብ ሆኖ። በሬሳ ሣጥኖቹ ላይ የግሪክ አበባ ጉንጉን፣ ከበላያቸው የግብፅ የአስከሬን ግነዛ ተቀርጿል። ክዳኖቹ የሚከፈቱ ይመስላሉ እንጂ አይከፈቱም፤ አስከሬኑ የሚገባው ከኋላ ባለው መተላለፊያ በኩል ነበር።

ታችኛው ወለል ለብዙ ዘመን ውሃ የተኛበት ነበር፤ ውሃውን የማውረድ ሥራ በ2019 ተጠናቀቀ። ቢሆንም እርጥበቱ አለ፣ ወለሉ ያንሸራትታል። ጉልበት የሚያማቸውና ጠባብ ቦታ የሚያስጨንቃቸው ሰዎች የድግሱን ክፍል ድረስ ብቻ ቢያዩ ይበቃል።

ከዚያ በእግር ከአሥር ደቂቃ በማይበልጥ መንገድ የፖምፔይ ዓምድ የሚሉት አለ። ከሮማዊው ጦር አዛዥ ከፖምፔይ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም፤ በሦስተኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ለሮም ንጉሥ ለዲዮቅልጥያኖስ የቆመ ነው፤ አዎ፣ ያ ዲዮቅልጥያኖስ፣ ቅብጦች ዘመነ ሰማዕታት ብለው ዓመታቸውን ከንግሥናው የሚቆጥሩበት። ቀዩ የአስዋን ግራናይት ከነመሠረቱና ከነጉልላቱ 27 ሜትር ያህል ይቆማል፤ ግንዱ ብቻ ከ20 ሜትር የሚበልጥ አንድ ወጥ ድንጋይ ነው። የአክሱምን ሐውልት ያየ ሰው ቁመቱ ላይደንቀው ይችላል፤ ክብነቱንና ልስላሴውን ግን ቀርቦ ይዳስሰው። በሥሩ በ391 የፈረሰው የሴራፒስ (የጥንቷ ከተማ ጣዖት) ቤተ መቅደስ ዋሻዎች አሉ። ግማሽ ሰዓት ይበቃል።

ከሰዓት በኋላ ወደ ማሐጠት ምስር ተመልሳችሁ ከጣቢያው አጠገብ ያለውን የሮም ዘመን ፍርስራሽ፣ ኮም ኤል ዲካን፣ ግቡ። 13 ረድፍ ያለው የእምነበረድ ቴአትር ሁሉም ፎቶ የሚያነሣው ነው። እኛ የምንመክረው ግን ከጎኑ የተደረደሩትን ትንንሽ ክፍሎች ነው፤ በፈረስ ኮቴ ቅርጽ የተሠራ የድንጋይ መቀመጫና ከመሃሉ ከፍ ያለ የመምህር መቀመጫ አላቸው። ከሃያ የማያንሱ የትምህርት አዳራሾች ናቸው፣ በአምስተኛውና ስድስተኛው ክፍለ ዘመን የሠሩ። በኛ ዘንድ መምህር «ወንበር ዘረጋ» የሚባለውን እዚህ በድንጋይ ታዩታላችሁ። የወፎች ሞዛይክ ያለበት ቤት ለብቻው ትኬት ስላለው ከመግቢያው አብራችሁ ቁረጡ፤ ኋላ መመለስ ያታክታል።

ጉልበት ከቀረ የግሪክና ሮም ሙዚየም ቅርብ ነው፤ በ2005 ተዘግቶ በ2023 ነው የተከፈተው። ለሁለት ሰዓት ያህል ያስቡለት።

ሁለተኛው ቀን፦ ምሽግ፣ ዓሣ፣ ቤተ መጻሕፍት

ከራምል እስከ ቃይትባይ ኮርኒሹን ይዞ በእግር ሦስት ሩብ ሰዓት ገደማ ነው፤ ጧት ፀሐይ ከኋላችሁ ስለሆነች ለፎቶም ይመቻል። ኮርኒሹን በቀጥታ ለማቋረጥ አትድፈሩ፤ መኪናው አያዘገይም። የከርሰ ምድር መሻገሪያ ፈልጉ፣ ከሌለም ከአገሬው ሰው ጎን ሆናችሁ አብራችሁ ተሻገሩ።

ምሽጉን የሠራው የማምሉኩ ሱልጣን ቃይትባይ ነው፣ ከ1477 ጀምሮ፣ የፋሮስ የመብራት ማማ በነበረበት ቦታ ላይ። ማማው ከ100 ሜትር በላይ ይረዝም ነበር፤ በ1303ና በ1323 የደረሱት የመሬት መንቀጥቀጦች ጨረሱት። ስለዚህ እዚህ መብራት ማማ ፈልጋችሁ አታዝኑ፤ በምሽጉ ግንብ ውስጥ ከነጩ ድንጋይ መሃል ብቅ ያለውን ቀይ ግራናይት ነው የምትፈልጉት። ከዚህ ባሕር ሥር የወጣ የንጉሥ በጥሊሞስ ሐውልት ዛሬ በአዲሱ ቤተ መጻሕፍት ደጅ ቆሟል፤ ከሰዓት በኋላ ስታዩት ከየት እንደመጣ ታውቃላችሁ።

ለምሳ የዓሣ ቤቶች ያሉበት አንፉሺ ሰፈር እዚያው ነው። ዓሣ የሚገዛው በኪሎ ነው፤ ሂደቱን የማያውቅ ሰው ሒሳብ ሲመጣ ይደነግጣል። በረዶ ላይ ከተዘረጋው ራሳችሁ ምረጡ፦ ዓይኑ ያልሰረጎደ፣ ስንጥቡ ቀይ፣ በጣት ሲጫኑት ተመልሶ የሚነሣ። «ቢካም ኤል ኪሎ?» ብላችሁ ዋጋውን ጠይቁ። ሲመዘን ቆማችሁ ሚዛኑን እዩ፣ በረዶውና ላስቲኩ አብሮ እንዳይመዘን። ማብሰያው በዋጋው ውስጥ ይሁን አይሁን ጠይቁ። ከነአጥንቱ ለአንድ ሰው ግማሽ ኪሎ ይበቃል። የሚመዘነው ሳይጸዳ ስለሆነ ሳህን ላይ ሲመጣ ያነሰ ቢመስላችሁ አልተታለላችሁም።

አሠራሩን ሲጠይቋችሁ «ራዳ» በሉ፤ ዓሣው በስንዴ ፉርሽካ ተለውሶ እሳት ላይ ይጠበሳል። ከላይ ከሰል ሆኖ ይመጣል፤ አትደንግጡ፣ ያ ቆዳ አይበላም፣ ገልጣችሁ ስትጥሉት ሥጋው ውሃውን እንደያዘ ነጭ ሆኖ ይገኛል። «ሲንጋሪ» ካላችሁ ለሁለት ተከፍቶ ከቲማቲምና ቃሪያ ጋር ይጋገራል። አብሮት በጠቆረ ሽንኩርት የተቀቀለ ቡናማ ሩዝ፣ «ሰያዲያ»፣ እዘዙ። «ቡልቲ» የሚባለውን ግን ተዉት፤ የኛው ቆሮሶ ነው፣ ለሱ ሐዋሳም ባሕር ዳርም አለ። ዴኒስ፣ ቃሩስ ወይም ቡሪ ምረጡ። ሳታዝዙ ጠረጴዛ ላይ የሚደረደረው ሰላጣና ጣሂና (የሰሊጥ ማባያ) በሒሳብ ይገባል፤ ካልፈለጋችሁ ሳትነኩ አስነሡት።

የምትጾሙ ከሆነ «ሲያሚ» የጾም ማለት ነው፤ ነገር ግን ቅብጦች በነቢያትና በሐዋርያት ጾም ዓሣ ስለሚበሉ ቃሉ ዓሣን ሊጨምር ይችላል። ፉል፣ ፈላፍልና ኩሸሪ (ሩዝ፣ ምስርና ፓስታ የተቀላቀለበት) አያስቸግሩም። የእስክንድርያ ፉል በጣሂና፣ በሎሚና በነጭ ሽንኩርት ነው የሚሠራው፤ ቅቤ ይገባበት እንደሆነ ግን ጠይቁ።

ከሰዓት ቤተ መጻሕፍቱን እዩ። በ2002 ነው የተመረቀው፤ ክቡ ጣሪያ 160 ሜትር ስፋት አለው፣ በግራናይቱ ግድግዳ ላይ የ120 ያህል አጻጻፎች ፊደላት ተቀርጸዋል። ፓስፖርት ያዙ፤ ትልቅ ቦርሳ ውጭ ይቀራል። ዓርብ ዕለት ዝግ ሊሆን ስለሚችል ቀኑን አስተካክሉ።

ቅዱስ ማርቆስ እና ማር ሚና

የቅዱስ ማርቆስ ካቴድራል ከራምል በስተጀርባ፣ ከነቢ ዳንያል መንገድ ጥቂት ገባ ብሎ ነው። ፓትርያርኩን እዚያ አትፈልጉ፤ መንበሩ በስም የእስክንድርያ ቢሆንም መቀመጫው ከአሥራ አንደኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ ካይሮ ነው። በሚያዝያ 2017 በሆሳዕና ዕለት ከደጁ ቦምብ ስለፈነዳ ፍተሻው ጥብቅ ነው፤ ፓስፖርት ይጠየቃል፣ ከቅዳሴ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ። ጫማ እንደኛ ከደጅ አይወልቅም፤ የሚያወልቁት ለመቁረብና ወደ መቅደሱ ሲቀርቡ ነው። መቁረብ የሚፈልግ ከቅዳሴው በፊት ካህኑን ያነጋግር። የወንጌላዊው ዓመታዊ በዓል እንደኛው ሚያዝያ 30 ነው፤ ያን ቀን ሕዝቡ ብዙ ነው።

ሦስተኛ ቀን ያለው ሰው ከከተማዋ በስተደቡብ ምዕራብ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደሚርቀው የማር ሚና ገዳም፣ መርዩጥ በረሃ ይሂድ። ኅዳር 15 የሚታሰበው ሰማዕቱ ሚናስ ነው። አዲሱን ገዳም የመሠረቱት አባ ቄርሎስ ስድስተኛ እዚያው ተቀብረዋል፤ በ1959 አቡነ ባስልዮስን የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፓትርያርክ አድርገው የሾሙት እሳቸው ናቸው። ጥንታዊው ፍርስራሽ፣ አቡ ሚና፣ ከገዳሙ አጠገብ ነው፤ ከ1979 ጀምሮ በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ታክሲውን ለደርሶ መልስና ለሁለት ሰዓት ጥበቃ አንድ ላይ ተዋዋሉ፣ ሙሉ ክፍያውን ግን ከተማ ስትመለሱ ስጡ፤ ከገዳሙ ደጅ ሌላ ታክሲ አይገኝም። ከቦርግ ኤል ዐረብ የምትበሩ ከሆነ ደግሞ ገዳሙ ወደዚያው አቅጣጫ ስለሆነ ሻንጣችሁን ጭናችሁ ውጡ፣ ከዚያ በቀጥታ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ይወስዳችኋል።